የሰከሩት ዘበኞቼ

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። የሻይ ኩባያውን በሁለት መዳፌ ይዤ ነው የጠጣሁት። ሥራ ቦታ ስደርስ ትንሽ ፈታ አሉ።

ዝናቡ ስላቆመ ጠላቂዎቹ ሁሉ ለሎብስተር ወጥተው ነበር። ያ ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ ገንዳውን ሞልቶ ይተራመሳል። ትልቁን ከትንሹ፣ እግሩ የጎደለውን ከሙሉው መለየት... ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ግን አንዱ ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። በሕይወት ካልሆነ ገዢ የለውም።

ባሌ ባርኒ ያመጣውን ለማስመዘን ተራ ይዞ ቆሟል። "አለቃ፣ የጣልሽው የባልሽ ስለሆነ ነው አይደል?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እጄን ግን ከኋላዬ ደበቅኩት። ለምን ደበቅኩ?

ቤት ስገባ እማ "ፊትሽ ምን ነካው?" አለች። ከጉንጭ እስከ ጉንጭ፣ በአፍንጫዬ ላይ አልፎ፣ የተቃጠለ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ፀሐይ ነው አልኳት። እዚህ ደሴት ላይ ተወልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ላይ ስውል ኖሬ... ፀሐይ ዛሬ ልታቃጥለኝ?

ዓርብ፣ ማርች 6

ጫማዬ እምቢ አለኝ። በነጠላ ጫማ ሥራ ሄድኩ።

ሽንቴ አረፋ ይሠራል። እንደ ሳሙና። ውኃ ለቀቅኩበት፣ አረፋው ግን አልሄደም።

አክስቴ ሴፊን እንዲህ ነበር የጀመራት። የአባቴ እህት። ኩላሊቷ ሥራ ሲያቆም ደም የሚያጥበው ማሽን ወዳለበት፣ ባሕር ማዶ ወዳለችው ከተማ ኬርንስ ወሰዷት። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። የተመለሰችው በሬሳ ሳጥን ነው።

ስለሷ ማሰብ የለብኝም። ጫማው ጠቦ ነው።

ሰኞ፣ ማርች 9

ባርኒ በግድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ነርሷ እግሬን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሊጥ ላይ የተጫነች ይመስል።

ሽንቴ ውስጥ ደም አለ። ፕሮቲንም አለ። የደም ግፊቴን ለካችና ደግማ ለካች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

"ነገ በአውሮፕላን ኬርንስ ትሄጃለሽ።"

"ለስንት ቀን?"

"እነሱ ይነግሩሻል።"

አክስቴ ሴፊንም እንዲህ አልነበር ያሏት?

ረቡዕ፣ ማርች 11

በጀርባዬ በኩል መርፌ አስገብተው ከኩላሊቴ ቁራጭ ወሰዱ። እንዳይደማ ተንጋለሽ ቆዪ፣ እንዳትንቀሳቀሺ አሉኝ። ባርኒ ደወለ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ተንጋልያለሁ።"

"እኔ ከዓሣ ጋር እየታገልኩ አንቺ ትንጋለያለሽ! ታድለሽ።"

ሳቅኩለት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ አለቀስኩ። ጎኔን እንዳላንቀሳቅስ ፈርቼ፣ ድምፅ ሳላሰማ... እንባው ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

ውጤቱ መጣ። ሉፐስ ይባላል።

ዶክተር ሻንቲ ወንበሯን አስጠግታ ነው የነገረችኝ። ሐኪም ወንበር ሲያስጠጋ ደስ አይለኝም። ትንሽዬ ሴት ናት፣ ድምጿ ግን ወፍራም።

"ሰውነትሽን ከበሽታ የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ። ዘበኛ በያቸው። አንዱ ሌባ ያየ ሲመስለው ለሌሎቹ መልእክት ይልካል። እነሱ ይነሳሉ፣ ይባዛሉ፣ ለሌላ ያስተላልፋሉ። ሌባው ሲያዝ ደግሞ 'በቃ፣ ግቡ' የሚል መልእክት ይመጣል። ያንቺዎቹ ግን 'በቃ' የሚለውን አይሰሙም። ሌባ በሌለበት ይጯጯኻሉ። የሚደበድቡትም የገዛ ቤታቸውን ነው።"

"ኩላሊቴን?"

"አሁን ኩላሊትሽን። ፊትሽን፣ መገጣጠሚያሽንም።"

"ዝም የሚያሰኛቸው ነገር የለም?"

አለ አለች። ስሙ ረጅም ነው፣ ሳይክሎፎስፋማይድ። የሰጠችኝን ወረቀት ሳነብ ኬሞቴራፒ የሚል አየሁ።

"ይሄ የካንሰር አይደል እንዴ? ካንሰር ነው ያለብኝ? ደብቃችሁኝ ነው?"

"ኢና፣ እይኝ። ካንሰር የለብሽም። መድኃኒቱ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስን ነው። ካንሰር ቶሎ ይባዛል። የተቆጡ ዘበኞችም ቶሎ ይባዛሉ። የሚጯጯኹት ቁጥራቸው ሲቀንስ መልእክቱም ይቀንሳል። የምሰጥሽ ለካንሰር ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው።"

"ባልወስድስ?"

"በወራት ውስጥ ማሽን ላይ ትሆኛለሽ" አለች።

"ብወስድስ?"

"ዘበኞቹ ሲያንሱ እውነተኛው ሌባም ሊገባ ይችላል። ትኩሳትሽ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ በማንኛውም ሰዓት ትደውያለሽ። ፓናዶል ውጬ ልየው ማለት የለም፤ ትኩሳቱን ይደብቅብናል። ገባሽ?"

ገባኝ አልኳት። ከዚያ ልጅ እንዳለን ጠየቀችኝ። እያሰብን ነው አልኩ። መድኃኒቱ መካን ሊያደርግ ይችላል፤ በዚህ መጠን የወሰዱ ብዙ ሴቶች ግን በኋላ ወልደዋል አለች። "ግን ቃል አልገባልሽም።"

ለባርኒ ደወልኩ። ሉፐሱን ነገርኩት። መድኃኒቱን ነገርኩት። የመጨረሻውን ግን... መስመሩ ጥሩ አልነበረም። እውነት ግን መስመሩ ነው?

ሐሙስ፣ ማርች 19

ዛሬ ጀመርኩ።

ነርሷ ግሌኒስ ትባላለች። ጓንት በጓንት ላይ ደርባ፣ ወፍራም ሽርጥ ለብሳ ነው ከረጢቱን ያመጣችው። እሷ በጣቷ ልትነካው የማትፈልገውን እኔ ደም ሥር ውስጥ ልትጨምረው።

አየችኝ መሰለኝ። "እኔኮ ዓመቱን ሙሉ ስይዘው ነው የምውለው፣ ቆንጆ። አንቺ ደርሰሽ ተመላሽ ነሽ" አለች።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ከኢኒስፌል የመጣ ሸንኮራ አገዳ አምራች ተቀምጧል። ሌስ ይባላል። እጁ እንደ አካፋ፣ አንገቱ ግን ቀጭን።

"የት ላይ ነው ያንቺ?" አለኝ።

"እኔ... ካንሰር አይደለም።" ይቅርታ የምጠይቅ ይመስል።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ወንበር ታሞቂያለሽ?"

ግሌኒስ "ሌስ! ተዋት" ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን ዓይኑን ጠቀሰኝ። የሱ ሳንባው ላይ ነው።

መድኃኒቱ ውኃ ይመስላል። ጠብ... ጠብ... የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። ምንም አልተሰማኝም። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 21

ያቅለሸልሸኛል። ፊኛሽን እንዳያቆስለው ውኃ ጠጪ ስላሉኝ ሆዴ እስኪነፋ እጠጣለሁ። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ደም እፈልጋለሁ።

ያረፍኩት ከደሴቶች ለሕክምና የሚመጣ ሰው የሚያርፍበት ቤት ነው። የጎረቤቴ ክፍል በር ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ።

እማ ደወለች።

"የት ላይ ነው?"

"ምኑ?"

"ያ በሽታ።"

"እማ፣ ያ በሽታ የለብኝም።"

"እሺ ልጄ። እሺ።" ድምጿ ተሰበረ። "የሰጡሽ መድኃኒት ግን የሱ ነው አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"ሰው ነዋ።"

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተጠርቶ ተጸልዮልኛል። ዘመድ ሁሉ ምግብ ይዞ እየመጣ ነው። አጎቴ የአንድ ሙሉ ኤሊ ሥጋ አምጥቷል። ጎረቤቶች ሩዝ በኮኮናት ወተት ሠርተው፣ ዓሣ ጠብሰው... ማቀዝቀዣው አልዘጋ አለ አለችኝ። "ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?"

ለቅሶዬን ጀምረውታል። እኔ ሳልኖር።

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጡኝ ስቴሮይድ እንቅልፍ ከለከለኝ። ይርበኛል፣ እበላለሁ፣ ደግሞ ይርበኛል። ፊቴ ክብ ሆኗል። ትራሱ ላይ ፀጉር አየሁ። ብዙ አይደለም። ብዙ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2

ሁለተኛው። ዛሬ ሌስ ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ። ካንሰር ከሌለብሽ ምን ቤት ነሽ ንገሪኝ አለ። ዶክተር ሻንቲ ያለችኝን፣ ዘበኞቹን፣ መልእክቱን፣ "በቃ" የሚለውን የማይሰሙትን ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝና ጭኑን መታ።

"የኔ ሐኪም የነገረኝኮ የዚህ ተቃራኒ ነው! ካንሰሩ ለዘበኞቼ 'ሰላም ነው፣ ተኙ' የሚል መልእክት እየላከ አስተኝቷቸዋል። ይሄ ኬሞ ካንሰሩን ሲያፈርሰው ፍርስራሹ ይጮኻል። ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ያንን 'ተኙ' የሚለውን ያፍነዋል። እንዲነቁልኝ ነው።"

"የኔን ሊያስተኙ፣ ያንተን ሊቀሰቅሱ?"

"አየሽ? ያንቺ ሰክረው፣ የኔ አንቀላፍተው። ግሌኒስ! ለምን አታለዋውጪንም?"

"ሁለታችሁንም ነው የምለውጣችሁ" አለች ግሌኒስ። "ዝም በሚሉ ሰዎች።"

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። ከዚያ ከረጢቱን ቀና ብዬ አየሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ማንን እንደሚያስተኛ፣ ማንን እንደሚቀሰቅስ እንዴት ያውቃል? ቢሳሳትስ?

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የሚመጣው ቅዳሜ ሳምንት የአባቴ የመቃብር ሐውልት ይገለጣል። አባባ ከሞተ ወዲህ ስንዘጋጅበት የቆየነው ቀን ነው። ዘመድ ከየደሴቱ በጀልባ፣ ከከተማ በአውሮፕላን ይመጣል። ጨርቁን የምትገልጠው የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ እኔ። ዶክተር ሻንቲ ፈቀደችልኝ። ጥላ ሥር፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ከሚያስል ሰው ርቀሽ፣ ሰኞ ተመልሰሽ። እሺ፣ እሺ፣ ሁሉንም እሺ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ሻንጣዬ በር ላይ ነው። በረራው ነገ ጠዋት።

ከምሳ በኋላ በረደኝ። ኬርንስ ላይ ማን ይበርደዋል? ቴርሞሜትሩን አወጣሁ። ሠላሳ ሰባት ከዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት አልደረሰም አልኩ። ብርድ ልብስ ለብሼ ተቀመጥኩ። ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ ስምንት ከሁለት። ቴርሞሜትሩ ሞቆ ይሆናል ብዬ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት። ሠላሳ ስምንት ከአራት።

ፓናዶል ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሁለት ብውጥ ነገ እሄዳለሁ። ቅዳሜን አባባ ጋ እሆናለሁ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ። አምስት ቀን ምን ያመጣል?

ክኒኖቹ እጄ ላይ ናቸው። ላብ አርሷቸዋል።

ብደውል አስተኝተው ያስቀሩኛል። ባልደውል... ዘበኛ የለኝም እኮ። አሁን የሆነ ነገር ውስጤ ገብቶ ቢሆን ማን ይጮኽልኛል?

ደወልኩ። ግሌኒስ ነች ያነሳችው። "ፓናዶል ወስደሻል?" አለች መጀመሪያ። አልወሰድኩም አልኳት። "ጎበዝ። ታክሲ ጥሪና አሁኑኑ ነይ። አሁን፣ ቆንጆ።" ቀልድ አልነበረበትም ድምጿ።

ክኒኖቹን ማጠቢያው ውስጥ ጣልኳቸው። ታክሲው እየመጣ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 10

ብዙ አልጽፍም። እጄ ላይ መርፌ አለ።

ሁለት ሐኪሞች እግሬ ሥር ቆመው ተከራከሩ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው። አንደኛዋ ዶክተር ሻንቲ ናት። ሌላው የማላውቀው ረጅም ሰው፣ የኢንፌክሽን ሐኪም ነው አሉ።

"ኢንፌክሽን ከሆነና ዘበኞቿን ይበልጥ ካዳከምንባት ትሞታለች" አለ እሱ።

"ሉፐሱ ከሆነና ካቆምን ኩላሊቷ ያልቃል። ከትናንት ወዲህ እንኳ ወርዷል" አለች እሷ።

"የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። አንተስ?"

እሱም አያውቅም።

ዓይኔን አልገለጥኩም። ብገልጥ ፊታቸውን አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 11

ሐውልቱ ዛሬ ተገለጠ። ቀኑን ማዛወር አይቻልም ነበር፤ ሰው ሁሉ ደርሷል። እኔው ነኝ ቀጥሉ ያልኳቸው።

ባርኒ በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ነበር። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። በባለ አበባ ጨርቅ የተሸፈነው ድንጋይ... የእማ ጀርባ... መዝሙሩ ሲጀመር ተቆረጠ። ደግሞ መጣ። እማ ልትገልጠው እጇን ዘረጋች፣ ተመልሳ ወደ ስልኩ ዞረች። "ኢና፣ ታይኛለሽ?" አለች። አይሻለሁ አልኳት። አልሰማችኝም። "አታየኝም" አለች ለባርኒ። "አይሻለሁ እማ! አይሻለሁ!" ብዬ ስጮኽ ነርስ ሮጣ መጣች።

ከዚያ ምስሉ ደረቀ። ጨርቁ በአየር ላይ እንዳለ። ስሙን አላየሁትም።

ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። እዚህ ብሞት ባርኒ በሳጥን ይወስደኛል፣ እንደ አክስቴ ሴፊ። ደሞ ሌላ ሐውልት...

አይ። አይ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 13

ታወቀ። ደሜ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ከሳንባ የተነሳ ኢንፌክሽን ነው። ረጅሙ ሐኪም ትክክል ነበር። ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ተጀመረ።

ዶክተር ሻንቲ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ያን ቀን ሳትደውይ ብትቀሪ ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። እንድትጨርሰው አልጠየቅኳትም።

"ኩላሊቴስ?"

"ይጠብቀናል። ብዙ ግን አይጠብቅም።"

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ቆየ። ሐሙስ ሦስተኛው ይሰጥሻል ተባልኩ።

እምቢ አልኩ። አፌ ራሱ አለው። ያ መድኃኒት ነው በሩን የከፈተው። አንዴ ተርፌያለሁ። ሁለተኛ ማን ዋስ ይሆነኛል? ዶክተር ሻንቲ አልተቆጣችም። እስከ ሐሙስ አስቢበት አለች። እንደዚህ የፈራሁበት ቀን የለም። ብወስድም እፈራለሁ፣ ባልወስድም እፈራለሁ።

ከሰዓት ባርኒ በሩ ላይ ቆመ። አልነገረኝም መምጣቱን። ከነባሕር ሽታው። ተቃቅፈን ቆየን። ከዚያ ነገርኩት። ልጅ ላይኖረን ይችላል አልኩት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማውቅ ነገርኩት።

ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ጀርባውን ሰጠኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መስመሩ..."

"መስመሩ! እኔ ምንሽ ነኝ፣ ኢና? ሎብስተር አቅራቢሽ ነኝ?"

"እንዳትተወኝ ፈርቼ ነው።"

ዞሮ አየኝ። ተቆጥቷል፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። "እኔ አንቺ ትሞቺያለሽ ብዬ ጀልባ ላይ ለብቻዬ ስጮኽ ነው የከረምኩት። አንቺ እዚህ ተኝተሽ እተዋታለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ? ትንሽ እንኳ አታፍሪም?"

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

"ልጁን በኋላ እናየዋለን" አለ። "ቢመጣ መጣ። ባይመጣ የእህቴ ልጆች አሉ፤ አንዱን ብንወስድ ደስታዋ ነው፣ በቁሟ ነው የጨረሷት። አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ?"

እፈራለሁ አልኩት። እኔም እፈራለሁ አለ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ወሰድኩ። ባርኒ እጄን ይዞ። ግሌኒስ መጠጋት ክልክል ነው አለችው፤ እሱ አልሰማም፣ እሷም አልደገመችም።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

አራተኛው። ፓስፖርት እንደያዘ ሰው ቴርሞሜትሩን የትም ይዤው እሄዳለሁ። ባርኒ ወደ ሥራው ተመልሷል።

የወር አበባዬ ከማርች ወዲህ አልመጣም። በሽታው ነው? መድኃኒቱ ነው? ወይስ በቃ አለቀ? ዶክተር ሻንቲ ገና ነው፣ እንጠብቅ አለች።

ሐሙስ፣ ሜይ 21

አምስተኛው። የሌስ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ግሌኒስን ልጠይቃት ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 4

የመጨረሻው!

ሌስ መጣ! በምርኩዝ። ቀኑ ተቀይሮብኝ ነው አለ። ደስ ሲለኝ ተነስቼ ልስመው ነበር፣ የመድኃኒቱ ቱቦ ያዘኝ።

"ስሚ" አለኝ ሲቀመጥ። ድምጹን ዝቅ አድርጎ። "ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ አሉ ያልሽኝ እንዴት ነበር?"

እጁን አሳየኝ። አብጧል። አካፋ የመሰለው እጁ ኩባያ መያዝ አቅቶታል። ዘበኞቹ ነቅተውለታል፤ ካንሰሩ አንሷል። ግን አልቆም ብለው አሁን መገጣጠሚያውን ይዘዋል። መድኃኒቱን አቁመው ስቴሮይድ ጀምረውለታል። እኔ የምውጠውን ያንኑ።

"የኔም ሰከሩ" አለ። "ጋብ ሲሉ ያኛው ተመልሶ ቢነሳስ?"

ግሌኒስ እንደምትለው 'ይሻላል' ልበል? አላልኩትም። እጄን እጁ ላይ አደረግኩ። እንዲህ የሚፈራው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር... እሱ ሲቀልድ የዋለውም ፈርቶ ነው።

"ጠዋት ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከራቸው" አልኩት። "ሻዩን በሁለት መዳፍህ ያዝ። በአንድ እጅ አትሞክር።"

"ሐኪሞቹ ይሄን አልነገሩኝም" አለ። ግሌኒስ ሻይ አመጣችለት። በሁለት መዳፉ ይዞ ጠጣ።

ማክሰኞ፣ ጁን 16

ዶክተር ሻንቲ ወንበሯን አላስጠጋችም። ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆና ነው የነገረችኝ።

ፕሮቲኑ ከግማሽ በታች ወርዷል። ኩላሊቴ የተጎዳው ተጎድቷል፣ የቀረው ግን ይሠራል። ማሽን የለም። "አሁን የለም" ነው ያለችው፤ አሁን የሚለውን ሰምቻለሁ። ዘበኞቹን ዝም የሚያሰኝ ክኒን ለዓመታት እወስዳለሁ። ፀሐይ አይፈቀድልኝም። ሽንቴ በየወሩ ይመረመራል።

"ተመልሶ ሊነሳ ይችላል?" አልኳት።

"ይችላል። ያኔ በአረፋው ታውቂያለሽ፣ ቶሎ ትመጫለሽ።"

ሐሙስ ቤቴ እገባለሁ። በእግሬ።

ዓርብ፣ ጁን 19

አባባ ጋ ሄድኩ። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከእማ ጋር፣ ጃንጥላ ይዘን። ድንጋዩ ላይ ስሙን በጣቴ ዳሰስኩት። እማ አጠገቤ ቆማ "ያኔ ታይኝ ነበር?" አለች። "አይሽ ነበር" አልኳት። ጨርቁን አጥፋ አስቀምጣልኝ ነበር፣ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ያ በሽታ እንዴት ሆነልሽ ይለኛል። ማስረዳት ሰልችቶኝ ደህና ነው እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 11

ሥራዬ ተቀይሯል። ገንዳው ጋ አይደለሁም፣ ውስጥ ቢሮ ውስጥ የበረራ ጭነት እመዘግባለሁ። ባርኒ ሎብስተሩን ሲያስመዝን በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ "አለቃ፣ ሹመት ሰጡሽ?" ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ አልኩ፣ አረፋ እንዳለ ለማየት። ደም አየሁ።

ተመለሰ አልኩ። ፊኛዬ ነው፣ ኩላሊቴ ነው፣ በቃ... ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ወገቤን ያዘኝ። ያ የታችኛው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቁርጠት። የውስጥ ሱሪዬን አየሁ።

የወር አበባዬ ነው።

"ባርኒ!" ብዬ ጮኽኩ። "ባርኒ፣ ደም!"

ከውጭ አንድ ነገር ተገለበጠ። ሲሮጥ፣ ከእማ ጋር ሲጋጭ፣ "ቁልፉ የታለ? ክሊኒኩ ክፍት ነው?" ሲል ሰማሁት። በሩን ስከፍት የመኪናውን ቁልፍ ይዞ፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። እማ ከኋላው መጸለይ ጀምራለች።

"ሌላኛው ደም ነው" አልኩት።

"የትኛው ሌላኛው?"

"የሴቶቹ።"

መጀመሪያ አልገባውም። እማ ናት ቀድማ የገባት። ጸሎቷን መሐል ላይ አቆመችና ትከሻውን በጥፊ መታችው። "ጫማህን አድርግ፣ ሞኝ!" እያለች እሷም ታለቅሳለች።

እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጅ ይመጣል ማለት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ክኒኑ ካልተቀየረ አይቻልም፣ ዶክተር ሻንቲ ካልፈቀደች አይሞከርም፣ ገና ሩቅ ነው... ይሄን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት "ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" አለኝ።

ቆየሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል። እንዴት ደስ ይላል።